ከሱሉልታ በአራት መኪና

የኦቦ ቱፋን ሞት የነገረኝ ሾፌሩ ግርማ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወለና እንደ ወትሮው ሰላምታውን ሳያስረዝም፣ «ወይዘሮ መስከረም፣ ሽማግሌው አረፉ። ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ቡራዩ ነው» አለኝ። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የዓመት ፈቃድ ዝርዝር እስከ መጨረሻው አመሳከርኩ። ስህተት አላገኘሁበትም። ስጨርስ ግን የማንን ስም እንዳነበብኩ አንዱንም አላስታውስም ነበር።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ፣ ሰበታ በሚገኝ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን በስምሪት ኃላፊነት ማገልገላቸው ተነገረ። ከፋብሪካው እንዴት እንደ ወጡ አልተነገረም። ያንን ከእኔ በተሻለ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የተሰናበቱበትን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝና።

ፋብሪካችን ሳሙናና የምግብ ዘይት ያመርታል። ማምረቻው ሰበታ ነው፤ ዋናው ቢሮና መጋዘኑ ደግሞ ቡራዩ። እኔ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። በቅጥር ኮሚቴው ውስጥ ጸሐፊ እንጂ ድምፅ ሰጪ አይደለሁም፤ ተወዳዳሪዎችን እጠራለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ፋይል አደራጃለሁ። በዚያን ጊዜ ድምፅ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳንኤል፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ታደሰ፣ እና በሠራተኛው ተወካይነት የተመረጡት ኦቦ ቱፋ።

ኦቦ ቱፋ የተወለዱት ሱሉልታ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ቡራዩ ቤት ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ነው። በወጣትነታቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። የጡረታ ዕድሜያቸው ካለፈ በኋላም፣ መንገዱን የእሳቸውን ያህል የሚያውቅ ስላልተገኘ ኮንትራታቸው በየዓመቱ ይታደስላቸው ነበር። ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። ነገር ሲከብዳቸው የሱፍ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ኮፍያው እዚያ ካረፈ ክርክሩ ቶሎ እንደማያልቅ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ርቀትን በኪሎ ሜትር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ሰንዳፋ አራት መኪና ነው» ይሉ ነበር፤ «ለገዳዲ ወደ ውስጥ ከሆነ አራት መኪናና አንድ ሰዓት እግር።»

በኮሚቴው በተቀመጡበት የመጀመሪያ ቀን የገባው ተወዳዳሪ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ጎልማሳ ነበር። ታደሰ ስለ ትምህርት ማስረጃው ሊጠይቀው ሲዘጋጅ ኦቦ ቱፋ ቀደሙት።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ? በስንት መኪና መጣህ?»

ሰውዬው እኛን አንድ በአንድ አየን። «በሦስት» አለ።

«ስንት ሰዓት ላይ ተነሣህ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

ታደሰ ሳቀ። «ኦቦ ቱፋ፣ የምንቀጥረው እኮ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ሾፌር አይደለም።»

«ሾፌር ቢሆንማ ማን ይጠይቀዋል? መኪና ይዞ ይመጣ ነበር።»

ተወዳዳሪው ራሱ ሳቀ፤ የተኮማተረው ትከሻውም ላላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚገባው ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆነ፤ መልሱንም ከነጥብ መስጫው ወረቀት ጠርዝ ላይ በትልልቅ ፊደል ይጽፉት ነበር። «ይህ ነጥብ የለውም» ብዬ አንድ ጊዜ በትሕትና ላሳስባቸው ሞከርኩ። «አውቃለሁ፤ ግን ፈተናውን የጀመረው እዚያ ላይ ነው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩን በአጀንዳ አስያዙት። ፋብሪካው አንድን ተወዳዳሪ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚጠራ ከሆነ ከሁለተኛው ጥሪ ጀምሮ የመጓጓዣውን ወጪ ይሸፍን የሚል ነበር ሐሳባቸው። አቶ ዳንኤል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትዕግሥት ግን አልነበራቸውም።

«ኦቦ ቱፋ፣ እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ስወዳደር ከደሴ ድረስ የመጣሁት በራሴ ነው። ሥራ የሚፈልግ ሰው ይመጣል።»

«እኛ አገር ለሽምግልና ሰው ሲጠራ በቅሎ ይላክለት ነበር» አሉ ኦቦ ቱፋ። «የተጠራው ሰው በእግሩ ከመጣ፣ የሚያፍረው ጠሪው ነው።»

«ሽማግሌ ተፈልጎ ነው። ሥራ ፈላጊ ግን ፈልጎ ነው።»

«እኛስ አልፈለግንም? ካልፈለግን ለምን ማስታወቂያ ለጠፍን?»

ታደሰ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሐሳቡ በሁለት ለአንድ ድምፅ ውድቅ ሆነ፤ እኔም እንደዚያው መዘገብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ ከአቶ ዳንኤል ጋር ነበርኩ። እኔም በጊዜዬ ወደ ፈተና የሄድኩት በራሴ ነው፤ ማንም በስንት መኪና እንደ መጣሁ ጠይቆኝ አያውቅም። ያልተደረገልኝን ነገር ለሌላው ማድረግ ትክክል መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

ኦቦ ቱፋ በድምፅ ቢሸነፉም በሥራቸው በኩል የሚችሉትን አደረጉ። የሩቅ መንገደኞች ስም ከዝርዝሩ መጨረሻ እንዲሆን ለመኑኝ፤ እስኪደርሱ ድረስ የቅርቦቹ ይፈተናሉ። ሲጨርሱ ደግሞ በምሳ ሰዓት እስከ አየር ጤና በሚሄደው ሰርቪስ ላይ ያሳፍሯቸው ነበር። ይህን አቶ ዳንኤል ሲሰሙ አስጠሯቸው። «ደንቡ ለግል ጉዳይ የፋብሪካ ተሽከርካሪ መጠቀምን ይከለክላል። አደጋ ቢደርስ የሚጠየቀው ማን ነው? ከእንግዲህ ከተደገመ ኮንትራትዎ የሚታደስ እንዳይመስልዎ» አሏቸው። እኔ ባለሁበት ነው የተነገራቸው። ኦቦ ቱፋ «ሰምቻለሁ» ብለው ወጡ።

ከዚያ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ማስታወቂያ ወጣ። ቦታው አንድ ነው። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣችው ጫልቱ የምትባል ከሱሉልታ የመጣች ወጣት ነበረች። በተግባር ፈተናውም አንደኛ ሆነች። ለሁለቱም ፈተና ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ መርካቶ፣ ከመርካቶ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ እየተሳፈረች ነው የመጣችው። ሁለተኛውን ቀን ኦቦ ቱፋ ሲጠይቋት፣ «አራት ነው፣ እንደ በፊቱ» አለች። ከተመረቀች ሁለት ዓመት እንዳለፋትና ይህን ያህል የቀረበችበት ሥራ እንዳልነበረ የነገረችኝ ኮሪደር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነው። የቀራት ቃለ መጠይቁ ብቻ ነበር።

በቃለ መጠይቁ ዋዜማ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አቶ ዳንኤል ከቡራዩ ደወሉ። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከባንክ ሰዎች ጋር ቀጠሮ ስላላቸው ቃለ መጠይቁ ወደ ቡራዩ ቢሮ እንዲዛወር አዘዙ። ለስድስቱ ተወዳዳሪዎች መደወል ጀመርኩ። አምስቱ አነሡ። የጫልቱ ስልክ ዝግ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ከዚያ በቢሮው ስልክ የጽሑፍ መልእክት ላክሁላት። በቢሮአችን ልማድ መልእክት የተላከለት ሰው እንደተነገረው ይቆጠራል። ስለዚህ በስድስቱም ስም ትይዩ «ተነግሯል» ብዬ ጻፍኩ።

ኦቦ ቱፋ የሰርቪስ ወረቀት ሊያስፈርሙኝ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። «የሱሉልታዋ አላነሣችም?» አሉኝ።

«መልእክት ልኬላታለሁ።»

«ሱሉልታ ሁለት ቀን መብራት የለም። ማታ ደግመሽ ሞክሪያት፣ መስከረም።»

«እሺ» አልኩ። አልሞከርኩም። ዝርዝሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነበር የወጣሁት፤ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። መልእክቱን ጠዋት ታየዋለች ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቡራዩ አምስት ተወዳዳሪዎች ተገኙ። ኦቦ ቱፋ አምስቱን ቆጠሩ፤ እኔን አዩ። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ጨርሶ እንደ ወጣ የእሳቸው ስልክ ጮኸ። ከሰበታ በር ጥበቃ ነበር። ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ኦቦ፣ አንዲት ልጅ ለቃለ መጠይቅ መጥቻለሁ ትላለች። ማንም የለም ብላት አልሄድም አለች።»

«ስጣት።»

«ጤና ይስጥልኝ» አለ የሴት ድምፅ። «ጫልቱ ነኝ። ሰዓት አላረፈድኩም፤ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው የደረስኩት። ቀኑን ነው የተሳሳትኩት?»

«አልተሳሳትሽም ልጄ፣ ኢንታላ ኮ። ቦታው ነው የተቀየረው። ያለነው ቡራዩ ነው።»

«የያዝኩት ለአራት መኪና የሚሆን ነው፤ መመለሻዬን። ቡራዩ ለመድረስ ሦስት ነው። ከዚያ ሱሉልታ ሌላ ሦስት ነው። ሁለት ይጎድለኛል» አለች። ልመና አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። «ግድ የለም፣ እመጣለሁ። ለመመለሱ አስብበታለሁ። ትጠብቁኛላችሁ?»

አቶ ዳንኤል ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «እስከ አምስት ሰዓት ተኩል። ከዚያ አናልፍም።»

ኦቦ ቱፋ ስልኩን አነሡ። «ከበሩ ላይ አትሂጂ» አሏትና ዘግተው፣ ድምፁን ለሁላችንም እንደ ከፈቱ፣ ሌላ ቁጥር ደወሉ። «ግርማ፣ ሳሙናውን ጫንክ?»

«ጨርሻለሁ ኦቦ። ወደ እናንተ ልወጣ ነው።»

«ጋቢናው ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«በር ላይ የቆመችውን ልጅ አሳፍረህ ና።»

ግርማ ዘገየ። «ኦቦ… ባለፈው የተባለውስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው። ውጣ።»

አቶ ዳንኤል ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ መስከረም፣ ይህ ይመዝገብ» አሉ። መዘገብኩ።

ሁለተኛው ተወዳዳሪ ገባ። ሦስተኛው ገባ። ከግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኔን ለማንሣት ብሞክርም አልቻልኩም። በአራተኛው ላይ ኦቦ ቱፋ ከዚህ በፊት ጠይቀው የማያውቁትን መጠየቅ ጀመሩ፦ ሳሙና ለምን አረፋ ይሰጣል፣ ዘይት ለምን ይሻግታል፣ ውኃ ለምን ጨው ጨው ይላል።

«ኦቦ ቱፋ፣ የኬሚስትሪ ፍቅር የያዝዎት ዛሬ ነው?» አለ ታደሰ።

«ሰው በሽምግልናው ቢማር ነውር ነው?»

ታደሰ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ፣ ያልጠበቅሁትን፣ እሱም ለአምስተኛው ተወዳዳሪ ሦስት ጥያቄ ጨመረለት። አቶ ዳንኤል እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ። አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ግርማ ደወለ። «ዊንጌት ጋ ተዘግቷል። መኪና ተጋጭቶ ነው። ቆመናል።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አቶ ዳንኤል ቃለ ጉባኤውን እንዳዘጋጅ አዘዙ፤ እሳቸው እያሉኝ እኔ ጻፍኩ፦ «ስድስተኛዋ ተወዳዳሪ በተነገራት ቦታና ሰዓት ስላልቀረበች ከውድድሩ ወጥታለች።» ፈረሙ። ታደሰ ጥቂት አመነታና ፈረመ። ወረቀቱ ወደ ኦቦ ቱፋ ሄደ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«አልፈርምም።»

«በሁለት ድምፅ አልፏል» አሉ አቶ ዳንኤል።

«ይለፍ። ይህቺ ልጅ አልቀረበችም ከሚል ወረቀት ላይ ግን የእኔ ስም አይኖርም። ሦስት ጊዜ ጠራናት፤ ሦስት ጊዜ መጣች። ዛሬ ያልቀረብነው እኛ ነን።»

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ጫልቱ ነበረች። የሳሙና ዱቄት ቀሚሷን አንጥቶታል፤ ማስረጃዎቿን የያዘውን ፌስታል በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ግርማ ከዊንጌት ወዲህ ባለው መንገድ እንዴት እንደ ሾለከ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር።

«እህቴ፣ ጊዜው አልፏል» አሉ አቶ ዳንኤል። ድምፃቸው የጭካኔ አልነበረም፤ የድካም ነበር። «ቦታው መቀየሩ በጊዜ ተነግሮሻል።»

«አልተነገረኝም» አለች ጫልቱ።

አቶ ዳንኤል ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ መስከረም፣ ተነግሯታል ወይስ አልተነገራትም?»

ዝርዝሩ ፊት ለፊቴ ነው። «ተነግሯል» ይላል፤ የእጅ ጽሑፌ ነው፤ ሥርዝ ድልዝ የለበትም። በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራዬ በጻፍኩት ላይ ተቃራኒውን ተናግሬ አላውቅም ነበር። ኦቦ ቱፋ ዋዜማውን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር፤ የሆነውን በሙሉ ያውቃሉ። አንድ ቃል ቢናገሩ ያልቅ ነበር። አልተናገሩም። እኔንም አላዩኝም፤ ዓይናቸው ጉልበታቸው ላይ ያለው ኮፍያ ላይ ነበር። ያ ዝምታ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ሊያሳጡኝ ቢፈልጉ ኖሮ ራሴን መከላከል እችል ነበር።

«አልተነገራትም» አልኩ። «ስልኳ ዝግ ነበር። ተነግሯል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተት ነው።»

አቶ ዳንኤል ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አንሥተው ለሁለት ቀደዱት። «አሥራ አምስት ደቂቃ» አሉ። «ተቀመጪ።»

ጫልቱ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ፌስታሉን ደረቷ ላይ እንደ ያዘች መለሰች፤ ከሦስተኛው በኋላ ታደሰ ማስታወሻ መያዙን ትቶ እየሰማ ነበር። ነጥቡ ሲደመር በሰፊ ልዩነት አንደኛ ወጣች። አቶ ዳንኤልም ሳያቅማሙ ፈረሙ። እስከ ዛሬ ላቦራቶሪው ውስጥ አለች።

በሦስተኛው ቀን አቶ ዳንኤል ለኦቦ ቱፋ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። «ለግል ጉዳይ ከፋብሪካው ሠራተኛ ውጭ የሆነ ሰው በጭነት መኪና በማጓጓዝዎ ኮንትራትዎ የማይታደስ መሆኑን እናሳውቃለን» የሚል ነበር። ለእኔ ስህተት የተሰጠኝ የቃል ተግሣጽ ብቻ ነው። ይህን ለአቶ ዳንኤል ገለጽኩላቸው፤ «ያንቺ ስህተት ነው፤ የእሳቸው እምቢተኝነት ነው» አሉኝ። ደብዳቤውን ጻፍኩት። ቃላቱን መርጬ፣ ቀኑን አስተካክዬ፣ ሁለት ቅጂ አድርጌ ጻፍኩት።

ኦቦ ቱፋ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ከቀናት በፊት ያላዩኝ ዓይኖች አሁን አዩኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ሁሉም ልክ ነው» አሉ። «አጓጉዣለሁ። ተነግሮኝ ነበር። ይቺ አንዷ ብቻ ልክ አይደለችም፤ ለግል ጉዳይ የምትለዋ። ልጅቷ ዘመዴ አይደለችም። ሥራውም የእኔ አይደለም። የጠራናት ለፋብሪካው ነው። እሷን አውጪና ቅጡኝ።»

ወደ አቶ ዳንኤል ተመልሼ ነገርኳቸው። «ያ ቃል ከወጣ ደንቡ አይነካቸውም፤ ደብዳቤውም ዋጋ የለውም» አሉ። «የፋብሪካው ጉዳይ ነው ካልን ነገ ለመጣው ሁሉ ልንከፍል ነው።» ልክ ነበሩ። ኦቦ ቱፋ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ ምንም አልጠየቁኝም። እስክሪብቶ ተቀበሉኝ፤ ፋብሪካው በሚያስቀረው ቅጂ ግርጌ፣ በእነዚያ ትልልቅ ፊደሎቻቸው፣ «ደብዳቤው ደርሶኛል። ጉዳዩ ግን የግሌ አልነበረም፤ የፋብሪካው ነበር» ብለው ጽፈው ፈረሙ። «ፋይል ውስጥ አስገቢው፣ መስከረም» አሉኝ። ኮንትራታቸው ያለቀው በወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የጠየቁኝ ስለ ጫልቱ ነበር።

ቅጂውን ፋይላቸው ውስጥ አስገባሁት። በሳምንቱ አቶ ዳንኤል ፋይሉን አስመጥተው አዩትና ጠሩኝ።

«ይህ ገጽ ይውጣ። ጽሑፍ የሌለበት ንጹሕ ቅጂ አስገቢ።»

«የገጽ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።»

«ቁጥር ይሰረዛል።»

«ይሰረዛል» አልኩ። «ገጽ ያወጣ ሰው ግን ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል፤ አሠራሩ ነው። እኔ የምጽፈው ምክንያት የለኝም።»

ፋይሉን ከፍቼ ወደ እሳቸው አዞርኩት፤ እስክሪብቶም ከገጹ ጎን አስቀመጥኩላቸው። አቶ ዳንኤል የኦቦ ቱፋን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነበቡ። ደግመው አነበቡ። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ስወጣ እስክሪብቶው ካስቀመጥኩበት አልተነሣም ነበር፤ ገጹም እስከ ዛሬ ቦታው ላይ ነው።